የቶሪየምን የመሟሟት ልክ በኮሎይድ መፈጠር መለካት

ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ከተቀበረ የኑክሌር ቆሻሻ ምን ያህል ፕሉቶኒየም ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ሊገባ እንደሚችል የሚሰላው ከብረቱ የመሟሟት ልክ ተነሥቶ ነው። የፕሉቶኒየም 239 ግማሽ ዕድሜ 24,100 ዓመት ያህል ስለሆነ፣ በቤተ ሙከራ የተዛባ አኃዝ መዘዙ ከትውልድ ትውልድ ይሻገራል።

በተለመደው አሠራር የብረቱ ዝቃጭ ከውኃ ጋር ለወራት ይቆያል፤ ከዚያ ውኃው ተጣርቶ በውስጡ የቀረው ብረት ይለካል። ችግሩ ማጣሪያው ላይ ነው። ኮሎይዶች ከ1 ናኖሜትር እስከ 1 ማይክሮሜትር የሚሆኑ ብናኞች ሲሆኑ፣ በብዙ ቦታ የሚሠራበት ማጣሪያ ቀዳዳው 0.45 ማይክሮሜትር ነው። ሾልከው ያለፉት ሁሉ ሟሟ ተብለው ይቆጠራሉ። ቀዳዳውን ማጥበብም ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ የሟሟው አዮን ራሱ ማጣሪያው ላይ ሊጣበቅና አኃዙን ከእውነተኛው በታች ሊያወርደው ይችላል።

በጀርመን ካርልስሩኤ የሚገኙ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 አካባቢ ከሌላ አቅጣጫ መጡ፦ ሁሉም ከሟሟበት አሲዳማ ውኃ ተነሥተው፣ ብናኝ መፈጠር የሚጀምርበትን ነጥብ ፈለጉ። ቶሪየም ለዚህ ይመቻል፤ እንደ ፕሉቶኒየም በተለያየ የኦክሲዴሽን ደረጃ አይዋዥቅም፣ ውኃ ውስጥ +4 ብቻ ነው። ፒኤቹን ከፍ የሚያደርጉት ቤዝ እያንጠባጠቡ ሳይሆን በኤሌክትሪክ ነው። ጠብታ ባረፈበት ቦታ ቤዙ ለቅጽበት ስለሚበዛ ያለጊዜው ዝቃጭ ይፈጥራል፤ በዝግታ የሚያልፍ ኤሌክትሪክ ግን ይህን ያስቀራል። በየደረጃው ሌዘር በአጭር በአጭር ምት ወደ ውኃው ይላካል። ጉልበቱ የሚመጠነው ንጹሕ ውኃን እንዳይሰብር፣ ጠጣር ብናኝ ሲያገኝ ግን ወደ ፕላዝማ እንዲለውጠው ተደርጎ ነው። የፕላዝማውን ድምፅ ፒየዞ ክሪስታል ይቀበላል። ድምፁ በድንገት የሚበረክትበት ፒኤች፣ ከቶሪየሙ መጠን ጋር ተዳምሮ፣ የመሟሟትን ልክ ይሰጣል።

የማን ልክ? ጥንቃቄ የሚያሻው እዚህ ነው። የአሞርፈስ ቶሪየም ሃይድሮክሳይድ የመሟሟት ብዜት በሎጋሪዝም −47 ገደማ፣ የክሪስታል ቶሪየም ኦክሳይድ ደግሞ −54 ገደማ ነው፤ ልዩነቱ 10 ሚሊዮን እጥፍ ነው። በጠንካራ አሲድ ውስጥ የሚፈጠሩት ብናኞች ወደ ክሪስታሉ ይጠጋሉ። ስለዚህ ሌዘሩ የሚነግረን ያኔ ስለተፈጠረው ብናኝ ነው፤ ቆሻሻው ውስጥ ያለው ጠጣር ግን ለብቻው መመርመር አለበት።

በማጣሪያ ያለፉት ኮሎይዶችም የሚጣሉ ስህተቶች አይደሉም። በኔቫዳ እ.ኤ.አ. በ1968 ከተካሄደው የቤንሃም የኑክሌር ፍንዳታ የመጣ ፕሉቶኒየም 1.3 ኪሎሜትር ርቆ በከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ ተገኝቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም እንደ ሸክላና ዜዮላይት ባሉ የማዕድን ኮሎይዶች ላይ የተጣበቀ ነበር። እንዲህ ያለውን ጉዞ የመሟሟት ልክ ብቻውን አይተነብየውም፤ የሟሟውና በብናኝ የተሸከመው መጠን በየፊናቸው ተለክተው ሊቀርቡ ይገባል።