ከቱቦዋ አፍ የወጡ ሕዋሳት

ከአሰላ ደቡብ ምዕራብ፣ በአርሲ ደጋ ላይ የሚገኘው የጋምቦ ሆስፒታል የተጀመረው የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ለማከም ነበር። ያኔ በሽታው እርግማን ነው፣ በዘር ይወርዳል እየተባለ ስንቱ ሰው ከቀዬው ተነጥሏል። ኖርዌጂያዊው ሐኪም አርማወር ሃንሰን ግን የበሽታውን አምጪ ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1873 አግኝቶት ነበር።

አንዱ ባክቴሪያ ታዲያ ይህንን ሰው ክፉኛ ጎድቶ ያኛውን በጥቂት የቆዳ ምልክት የሚያልፈው ለምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1970 አዲስ አበባ ውስጥ፣ የሥጋ ደዌ ሕክምና ማዕከል ከነበረው ከአለርት ጎን፣ በሃንሰን ስም የተሰየመ የምርምር ተቋም ተቋቋመ። ተመራማሪው ቶሬ ጎዳልና ባልደረቦቹ እዚያ ከተጠቀሙባቸው ዘዴዎች አንዱ በቀላልነቱ ያስደንቃል። ነጭ የደም ሕዋሳት በቀጭን የመስታወት ቱቦ ይታጨቃሉ፤ ከአፉ እየተሳቡ ወጥተው እንደ ማራገቢያ ይዘረጋሉ። የባክቴሪያው ቅንጣት ሲጨመር፣ ለይተው የሚያውቁት ሕዋሳት ካሉ ጉዞን የሚገታ ኬሚካል ያመነጫሉ፤ ማራገቢያውም ይጠባል። በሽታው በጸናባቸው ሕሙማን ዘንድ ግን ጉዞው አይገታም ነበር። በደማቸው ውስጥ ባክቴሪያውን የሚለዩ ሕዋሳት አልተገኙምና።

ከቱቦው የሚወጣው ሕዋስ ታዲያ እንዴት ይጓዛል? እግር የለውም። ከፊቱ አክቲን የተባለው የፕሮቲን ክር እየተገነባ ሽፋኑን ይገፋል፤ በጡንቻችን ውስጥም የሚሠራው ማዮሲን ከኋላ ይጨምቀዋል። መንገዱ ሲጠብ አስኳሉ ሳይቀር ተለምጦ ያልፋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ሥጋ ደዌን በጥምር መድኃኒቶች ማከምን መከረ። ጋምቦም ከጊዜ በኋላ የአካባቢው ሰው ሁሉ የሚታከምበት ጠቅላላ ሆስፒታል ሆነ።