ጃንሜዳ፦ የሕዝብ ሜዳና የአዲስ አበባ እግር ኳስ

ጃንሜዳ በሰሜናዊ አዲስ አበባ፣ በስድስት ኪሎ አቅራቢያ፣ ለጉለሌ፣ ለአራዳና ለየካ ክፍለ ከተሞች ነዋሪዎች ቅርብ በሆነ ቦታ የሚገኝ የሕዝብ ሜዳ ነው። ስያሜው ‹ጃንሆይ› ከሚለው የንጉሠ ነገሥቱ መጠሪያ ጋር የተያያዘ ነው። ሜዳው በዘመናት ውስጥ የወታደራዊ ሰልፍ፣ የፈረስ ግልቢያ፣ የገና ጨዋታና የእግር ኳስ ሥፍራ ሆኖ አገልግሏል።

የእግር ኳስ ጅማሮ

እግር ኳስ በአዲስ አበባ የተስፋፋው በከተማዋ ይኖሩ በነበሩ የውጭ አገር ማኅበረሰቦችና በዘመናዊ ትምህርት ቤቶች አማካይነት ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስ ስፖርት ክለብ በ1928 ዓ.ም. በአራዳ አካባቢ በአየለ አትናሽና በጆርጅ ዱካስ ተመሠረተ። ከክለቡ ቀደምት ተጫዋቾች አንዱ የነበሩት ይድነቃቸው ተሰማ በኋላ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ለመሆን በቅተዋል። ኢትዮጵያም በ1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ስታዲየም በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ የተባበረችውን ዓረብ ሪፐብሊክ (ግብፅን) 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ወስዳለች።

የዛሬ አገልግሎት

በጃንሜዳ የሰፈር ቡድኖች ጎን ለጎን ይጫወታሉ፤ ድንጋይ ወይም ልብስ የግብ ምሰሶን ይተካል። በእግር ኳስ ሕግ መሠረት ለመደበኛ ውድድር የሚውል ሜዳ ርዝመቱ ከ90 እስከ 120 ሜትር፣ ወርዱ ከ45 እስከ 90 ሜትር ሲሆን፣ የግቡ ስፋት 7.32 ሜትር፣ ከፍታው 2.44 ሜትር ነው። ለዕለታዊ ልምምድ ግን ይህን ማሟላት አያስፈልግም። ለረጅም ዓመታት ለዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና የሚወከሉ አትሌቶች የተመረጡትም በጃንሜዳ አገር አቋራጭ ውድድር ነው።

ሜዳው በየዓመቱ የከተራና የጥምቀት በዓል ይከበርበታል። ታቦታት ጥር 10 ቀን ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ወርደው ያድራሉ፤ የቅዱስ ሚካኤል ታቦት የሚመለሰው ጥር 12 ቀን ነው። ስለዚህ በዓሉ በሚከበርባቸው ቀናት ልምምድም ሆነ ግጥሚያ ማቀድ አይመከርም።

ሜዳውን መጠበቅ

በ2012 ዓ.ም. የኮቪድ-19 ወረርሽኝ ሲከሰት፣ መጨናነቅን ለመቀነስ ሲባል የአትክልት ተራ ገበያ ለጊዜው ወደ ጃንሜዳ ተዛውሮ ነበር። ገበያው እስኪነሣ ድረስ ስፖርተኞች መለማመጃቸውን አጡ፤ መሬቱም ተጎዳ። ለ2013 ዓ.ም. የጥምቀት በዓል ገበያው ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ተዛውሮ፣ ሥፍራው በዘመቻ ጸድቷል። ክስተቱ እንደሚያሳየው ክፍት ሜዳ ለሌላ አገልግሎት ሲውል በቅድሚያ የሚጎዳው የክለብ ሜዳ ለመከራየት አቅም የሌለው ወጣት ነው።

በ1990 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ስፖርት ፖሊሲ ኅብረተሰቡ በመኖሪያ፣ በትምህርትና በሥራ ቦታው በስፖርት እንዲሳተፍ ያበረታታል። ይህ እንዲሆን ሜዳ ያስፈልጋል።

ለተገልጋዮች

የሰፈር ቡድን አቋቁመው በውድድር መሳተፍ የሚፈልጉ ወጣቶች የሚኖሩበትን ወረዳ የወጣቶችና ስፖርት ጽሕፈት ቤት ቢጠይቁ ስለ ምዝገባና ስለ ውድድር መርሐ ግብር መረጃ ያገኛሉ። ብዙ ሕዝብ የሚገኝበት ዝግጅት ለማካሄድ የሚያስቡም አስቀድመው ለሚመለከተው የአስተዳደር አካል ማሳወቅ ይኖርባቸዋል። ከጨዋታ በኋላ ቆሻሻን ማንሣት፣ አጥርንና ዛፎችን አለመጉዳት የሁሉም ተጠቃሚ ኃላፊነት ነው።