ከገፈርሳ እስከ አቡሴራ፦ አውሮፕላን ማረፊያችን ለምን ቁልቁል ወረደ?

እንበልና አዳማ ነው የምትኖሩት። ዴንቨር ያለው ወንድማችሁ ደወለና "ለገና ብቅ በሉ፣ ተራራ ወጥተን በበረዶ እንንሸራተታለን" አላችሁ። "ሐበሻና ስኪን ምን አገናኛቸው?" የሚል አይጠፋም። አዲስ አበባ የተወለደው ሮቤል ተክለማርያም ግን እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር ላይ በክረምት ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ በስኪ ተወዳድሯል። ስለዚህ ጥያቄው "እንሂድ ወይ?" ሳይሆን "በየት በኩል እንሂድ?" ነው።

ከአዲስ አበባ ዴንቨር በቀጥታ የሚያደርስ በረራ የለም። በቱርክ አየር መንገድ ኢስታንቡል ላይ፣ በሉፍታንዛ ፍራንክፈርት ላይ አውሮፕላን ትቀይራላችሁ። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ ዋሽንግተን ወይም ቺካጎ ወርዳችሁ የአሜሪካ የአገር ውስጥ በረራ ትይዛላችሁ። ያኔ ኢሚግሬሽን የምትቆሙትም ሻንጣ የምትረከቡትም መጀመሪያ በረገጣችሁት የአሜሪካ ኤርፖርት ስለሆነ፣ ለቀጣዩ በረራ ሰፋ ያለ ሰዓት መተው ይበጃል።

በዚህ ምርጫ ውስጥ ብዙ ተጓዥ የሚገርመው አንድ ነገር አለ። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው አውሮፕላን ለዓመታት መንገድ ላይ እያረፈ ነው የተጓዘው። አንድ ሰሞን ሮም፣ ሌላ ጊዜ ደብሊን፣ ወደ ኒውዮርክ በኩል ደግሞ ሎሜ። ሲመለስ ግን ያው አውሮፕላን ከዋሽንግተን ተነስቶ ሳያርፍ አዲስ አበባ ይገባል። መንገዱ አንድ፣ አውሮፕላኑም አንድ ከሆነ ሲሄድ ለምን ያርፋል?

መልሱ የቆምንበት መሬት ላይ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል 2,330 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። በሳሳ አየር ክንፍ ለማንሳት ይበልጥ መፍጠን አለበት፣ ሞተርም ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ጎማውም የሚችለው ፍጥነት ወሰን አለው። ስለዚህ ቦሌ ላይ ትልቅ አውሮፕላን ወይ ሰውና ጭነት ይቀንሳል፣ ወይ ነዳጅ ቀንሶ ተነስቶ መንገድ ላይ ይሞላል። ዋሽንግተን ግን ከባሕሩ ብዙም የማይርቅ ዝቅተኛ ቦታ ስለሆነ ጋኑን ሞልቶ ይነሳል። እኛ በመስኮት ስናየው "ለምን ቆመ?" ያልነው ቦታ ሁሉ የከፍታችን ዕዳ የሚከፈልበት ነበር።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ከጅቡቲ ያበረራት ፖቴዝ 25 ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ገፈርሳ ሜዳ ላይ አረፈች። ለኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ አውሮፕላን ናት። ለቀላል አውሮፕላን ሣር ያለበት ሜዳ ይበቃ ነበር። ከዚያ ልደታ መጣ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአሜሪካው ቲ.ደብሊው.ኤ ጋር በተደረገ ስምምነት ተመሠረተ። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ።

ልደታ የተሸነፈው በጄት ነው። አየር መንገዱ ቦይንግ 720 ሊገዛ ሲነሳ ሜዳው አጠረ። ያኔ ከከተማው ዳር የነበረው ቦሌ ተመረጠ፣ በታኅሣሥ 1955 ዓ.ም. አካባቢም ጄቶቹን መቀበል ጀመረ። የልደታ መታሰቢያ ዛሬ ኦልድ ኤርፖርት የሚባለው ሰፈር ስም ነው። ቦሌም በተራው በከተማ ተከበበ፣ የሚሰፋበት መሬትም አለቀ።

ልብ ብላችሁ ከሆነ ማረፊያችን በተዛወረ ቁጥር ወደ ታች ወርዷል። ገፈርሳ ከልደታ ከፍ ይላል፣ ልደታ ከቦሌ ከፍ ይላል። አራተኛው ደግሞ ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ ነው፣ ከቦሌ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ። ግንባታው በጥር 2018 ዓ.ም. ተጀምሯል። አራት መንደርደሪያ፣ 12.5 ቢሊዮን ዶላር፣ ሲጠናቀቅም በዓመት 110 ሚሊዮን መንገደኛ የሚል ዕቅድ ተይዞለታል። ቢሾፍቱ ለአውሮፕላን አዲስ አይደለችም። ስዊድናዊው ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ከጣሊያን ጦርነት በኋላ ለአሥር ዓመት ገደማ የአየር ኃይላችንን አብራሪዎች ያሠለጠነው በዚያው ምድር ነው።

የተጋበዛችሁባት ዴንቨርም ይህንኑ መንገድ ሄዳለች። የድሮው ኤርፖርቷ ስቴፕልተን በከተማ ሲዋጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ከመሃል ከተማ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ አዲስ ከፈተች። ከፍታዋ ወደ 1,650 ሜትር ነው፣ ከአዳማ ብዙ አይለይም። የሳሳው አየር እዚያም ስላስቸገረ፣ በሙቀት ቀን ከባድ አውሮፕላን እንዲነሳበት እ.ኤ.አ. በ2003 የ4,877 ሜትር መንደርደሪያ ጨመረች።

እስከዚህ ድረስ የምህንድስና ጉዳይ ነው፣ ውሳኔውም ትክክል ነው እላለሁ። ዝቅ ያለ ሜዳ ማለት ሙሉ ጋን፣ ሙሉ ጭነት፣ የቀጥታ በረራ ማለት ነው። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ከተማን የሚጠቅመው መጓጓዣው በአጠገቡ ማለፉ ነው ወይስ ሰው መውረዱ?

የስምጥ ሸለቆ ከተሞች መልሱን ከማንም በላይ ያውቁታል። የጅቡቲ ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ በእንፋሎት የሚሄድ ነበር፤ ውሃ ለመሙላት ይቆማል። ሌሊትም ስለማይጓዝ ጉዞው ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፣ መንገደኛው ድሬዳዋና አዋሽ ያድራል። አዋሽ ጣቢያ ላይ ያለው ቡፌ ደ አዋሽ ሆቴል የዚያ ማደሪያ ልጅ ነው። ሞጆም አዳማም በጣቢያ ዙሪያ ነው የደመቁት፤ ባቡሩ ሲቆም ሻይ፣ ብርቱካን፣ አልጋ ይሸጣል። በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መንገደኛ ማጓጓዝ የጀመረው አዲሱ ባቡር ደግሞ ፈጣን ነው፣ ጣቢያዎቹ ግን ከከተሞቹ መሃል ርቀዋል። ሐዲዱ በሰፈራችን ያልፋል፣ ገበያው ግን እንደ ድሮው አልተከተለውም።

የአየርላንዷ ሻነንም ትመሰክራለች። አትላንቲክን የሚሻገሩ አውሮፕላኖች ነዳጅ ለመሙላት እዚያ ማረፍ ግድ ስለነበረባቸው፣ የዓለም የመጀመሪያው ከቀረጥ ነፃ ሱቅ እ.ኤ.አ. በ1947 በዚያው ተከፈተ። ረጅም የሚበሩ ጄቶች ሲመጡ ግን በላይዋ እያለፉ ሄዱ። ሰው በግድ የቆመበት ቦታ፣ ግዱ ሲነሳ ይረሳል።

አቡሴራ የሚኖረው በዋናነት በትራንዚት መንገደኛ ነው። ከሌጎስ መጥቶ ጓንግዡ የሚሄድ ሰው ከአንዱ በር ወርዶ በሌላው ይሳፈራል። ሐይቁን አያይም፣ ክትፎውን አይቀምስም። በአንጻሩ ዴንቨር የሚያርፈው ስኪ ተጫዋች ከኤርፖርቱ መውጣት አለበት፤ ተራራው ውጪ ነው። መኪና ይከራያል፣ ሆቴል ያድራል፣ ጫማና ስኪ ይከራያል። የከተማዋ ጥቅም ከኤርፖርቱ በር ውጪ ነው ያለው።

የእኛ በረዶ ሐይቅና ፍልውሃ ነው። ሆራ ቢሾፍቱ ውስጥ ነው፣ ሶደሬ ከአዳማ ቅርብ ነው፣ ባቱና ላንጋኖ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሆኑም። ስምንት ሰዓት ትራንዚት ያለው ሰው ቪዛው ቀሎለት፣ አውቶቡስ በሩ ላይ ቆሞለት ሆራ ዳር ምሳ በልቶ ቢመለስ፣ ያኔ ኤርፖርቱ የከተማዎቹ ይሆናል። ይህ መንደርደሪያው ከተነጠፈ በኋላ የሚታሰብ ነገር አይደለም፤ አሁን በፕላኑ ላይ መሰመር አለበት። ከአዳማ ባቡር ጣቢያ ተነስቶ ተርሚናሉ ውስጥ የሚያወርድ ሐዲድም እንደዚሁ።

ከሁሉ በፊት ደግሞ የሜዳው ባለቤቶች አሉ። የአድኣ ምድር በጤፉ የታወቀ ነው። ወደ 35 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋው መሬት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ያርሱት ነበር። አዲስ ቤት ተሠርቶላቸዋል፤ መልካም ነው። ቤት ግን ማደሪያ እንጂ መተዳደሪያ አይደለም። ጤፍ ዘርቶ ልጅ ያስተማረ ገበሬ፣ ልጁ እዚያው ኤርፖርት ውስጥ ከጽዳትና ከጥበቃ ያለፈ ሙያ እንዲይዝ ሥልጠናው ዛሬ መጀመር አለበት። ቦሌ ሲሠራ መሬቱን የለቀቁትን ዛሬ ስማቸውን የሚያውቅ የለም። አቡሴራ ላይ ያንን መድገም የለብንም።

አንድ ቀን ከአዳማ ተነስታችሁ በግማሽ ሰዓት አቡሴራ ትደርሳላችሁ፣ ምናልባትም አንዴም ሳታርፉ አሜሪካ ትገባላችሁ። ደስ ይላል። ስትነሱ ግን በመስኮት ወደ ታች ተመልከቱ፤ ያ ሜዳ የማን እንደነበረና ዛሬ ማንን እንደሚያበላ ራሳችሁን ጠይቁ።