የኢትዮጵያ የወንጀልና ልብ አንጠልጣይ ፊልም

የኢትዮጵያ የወንጀልና ልብ አንጠልጣይ ፊልም በግድያ፣ በጠለፋ፣ በስርቆት ወይም በሰዎች ዝውውር ዙሪያ የሚያጠነጥን፣ ተመልካቹንም «ቀጥሎ ምን ይሆን?» እያሰኘ እስከ መጨረሻው የሚወስድ የፊልም ዘውግ ነው። በአማርኛ ፊልም ገበያ ከፍቅርና ከአስቂኝ የፍቅር ፊልሞች ያነሰ ቦታ ይዟል። ሆኖም «ጉማ»፣ «ድፍረት» እና «ቁራኛዬ»ን የመሳሰሉ ከአገሪቱ የፊልም ታሪክ ጋር ስማቸው የሚነሳ ሥራዎች በወንጀልና በፍርድ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። አብዛኞቹ የዘመኑ ፊልሞች ያለ ትልቅ ስቱዲዮ፣ በግል ገንዘብ ወይም በውጭ አጋሮች ድጋፍ ስለተሠሩ ገለልተኛ ፊልሞች ይባላሉ።

በሌላው ዓለም የወንጀል ፊልም የተለመደ ጥያቄ «ማን ገደለ?» የሚለው ነው። በታወቁት የኢትዮጵያ ፊልሞች ግን ድርጊቱን የፈጸመው ሰው ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ይታወቃል። ታሪኩን የሚያንጠለጥለው «ማን ይፈርዳል? በየትኛው ሕግ?» የሚለው ጥያቄ ነው።

ስያሜ

«ልብ አንጠልጣይ» የሚለው ቃል ከፊልም በፊት ለልብ ወለድ መጻሕፍት ያገለግል ነበር። «ልብ ሰቃይ» የሚሉም አሉ። የኢትዮጵያን ፊልም ያጠናው ማይክል ቶማስ እንዳመለከተው፣ የአማርኛ ፊልሞች ዘውጋቸውን «የፍቅር ፊልም»፣ «አስቂኝ የፍቅር ፊልም»፣ «የቤተሰብ ፊልም»፣ «ልብ አንጠልጣይ ፊልም» በሚሉ የራሳቸው ስሞች ይገልጻሉ። ስለዚህ ዘውጉን ከውጭ በመጣ መለኪያ ብቻ መመደብ አስቸጋሪ ነው። አንድ ፊልም ልብ አንጠልጣይ ተብሎ ወጥቶ ከግማሽ በላይ የፍቅር ታሪክ ሊሆን ይችላል።

አመጣጥ

ዘውጉ ወደ ስክሪን ከመምጣቱ በፊት በመጽሐፍ ተለምዷል። ይልማ ሀብተየስ በአማርኛ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለዶችን በመጻፍ ይታወቃል። በወሎ ክፍለ ሀገር፣ ከላስታ ጋር በሚዋሰነው በዋግ የተወለደው ማሞ ውድነህ ደግሞ የስለላ ታሪኮችን ተርጉሞ በማቅረብ ለብዙ አንባቢ ዘውጉን አስተዋውቋል። በ1975 ዓ.ም. የታተመው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ም የፖለቲካ ልብ አንጠልጣይ ልብ ወለድ ተብሎ ይጠቀሳል።

በፊልም በኩል የመጀመሪያው ባለ ሙሉ ርዝመት የአማርኛ ፊልም በ1957 ዓ.ም. የወጣው «ሂሩት አባቷ ማነው?» ነው። የወንጀል ፊልም ባይሆንም ርዕሱ ራሱ መልስ የሚፈልግ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የሆሊውዱ «ሻፍት ኢን አፍሪካ» በከፊል በኢትዮጵያ ተቀረጸ። ታሪኩ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ መርማሪ አፍሪካውያንን ወደ አውሮፓ አሻግሮ በግዴታ የሚያሠራ ቡድንን ሲከታተል ያሳያል። ኢትዮጵያዊው ተዋናይ ደበበ እሸቱም ተሳትፎበታል። ሰዎችን የማዘዋወር ወንጀል ከ40 ዓመታት በኋላ በኢትዮጵያውያን በተሠሩ ፊልሞች ዳግም ዋና ጉዳይ ሆኗል።

የመንግሥት የነበረው የኢትዮጵያ ፊልም ኮርፖሬሽን እ.ኤ.አ. በ1999 ከፈረሰ በኋላ ፊልም ሥራ በአብዛኛው የግል ሆነ። በተመሳሳይ ወቅት በርካሽ የቪዲዮ ካሜራ መቅረጽ በመቻሉ፣ ሴሉሎይድ የመግዛት አቅም ያልነበራቸው ወጣት አዘጋጆች ወደ ሙያው ገቡ። ቴዎድሮስ ተሾመ «ቀይ ስህተት» በተባለው ፊልሙ የቀይ ሽብርን ዘመን ለተመልካች አቀረበ። ይድነቃቸው ሹመቴ «ስርየት» (እ.ኤ.አ. 2007) እና «ኒሻን» (እ.ኤ.አ. 2013) የተባሉ ፊልሞችን ሠራ። «ኒሻን» በቡርኪና ፋሶ ዋና ከተማ ዋጋዱጉ በሚካሄደው የፌስፓኮ የፊልም ፌስቲቫል ታይቷል።

ባህላዊ ፍትሕ እንደ ታሪክ መነሻ

በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ዘመናዊ ፖሊስና ፍርድ ቤት ከመምጣታቸው በፊት ወንጀልን የመመርመርና የመዳኘት የራሳቸው ሥርዓቶች ነበሩ። ከነዚህም መካከል የሚከተሉት ይገኛሉ፦

አውጫጭኝ (አፈርሳታ)፦ ወንጀለኛው ሳይታወቅ ሲቀር የአካባቢው ነዋሪዎች ሜዳ ላይ ተሰብስበው የሚያውቁትን እንዲናገሩ የሚገደዱበት ሥርዓት ነው። ጥፋተኛው እስኪገኝ ስብሰባው አይበተንም፤ ካልተገኘም ካሳው በነዋሪው ላይ በጋራ ሊጣል ይችል ነበር።

ሌባ ሻይ፦ መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተከተሉት የገባበትን ቤት ባለቤት ሌባ ነው ብሎ የመያዝ ልማድ ነው። ንጹሓንን ስለሚያስጠቃ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቀርቷል።

ቁራኛ፦ ከሳሽና ተከሳሽ ልብሳቸው ተቋጥሮ ወይም በሰንሰለት ተያይዘው ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ አብረው የሚቆዩበት ሥርዓት ነው። ማረሚያ ቤትም ሆነ ጠባቂ በሌለበት አገር አንዱ የሌላው ጠባቂ ይሆናል።

ደም ማድረቅ፦ የሟችና የገዳይ ወገኖች በሽማግሌ የሚታረቁበትና ካሳ የሚከፈልበት ሥርዓት ነው። በወሎ አበጋር የሚባሉ አስታራቂዎች በዚህ ይታወቃሉ። በኦሮሞ ባህል ተመሳሳዩ ሥርዓት ጉማ ይባላል።

ከነዚህ ሥርዓቶች ሁለቱ የታወቁ ፊልሞች መነሻ ሆነዋል።

ጉማ

«ጉማ» በሚሼል ፓፓታኪስ አዘጋጅነት እ.ኤ.አ. በ1974 (1966 ዓ.ም.) የወጣ ፊልም ነው። ርዕሱን የወሰደው ከደም ካሳ ሥርዓት ሲሆን፣ ነፍስ ያጠፋ ሰው ከሟች ቤተሰብና ከማኅበረሰቡ ጋር የሚኖረውን ዕዳ ይመለከታል። በዮናስ ብርሃነ መዋ መሥራችነት ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የሚካሄደው ዓመታዊው የጉማ የፊልም ሽልማት ስያሜውን ያገኘው ከዚህ ፊልም ነው። በዚህም የአገሪቱ የታወቀ የፊልም ሽልማት የደም ካሳን ስም ይዟል።

ቁራኛዬ

«ቁራኛዬ» በሞገስ ታፈሰ ተጽፎና ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ታሪካዊ ፊልም ነው። ዘርይሁን ሙላቱ፣ የምስራች ግርማ፣ ተስፋዬ ይማንና ፍሬሕይወት ከልክሌው ተውነውበታል። ታሪኩ የሚካሄደው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። የቅኔ ተማሪ የነበረ ወጣትና የወጣቱን ፍቅረኛ የወሰደ ባላባት ይካሰሳሉ። በሥርዓቱ መሠረት በአንድ ሰንሰለት ታስረው ፍርድ ፍለጋ ረጅም መንገድ በእግር ይጓዛሉ።

ከልብ አንጠልጣይ ፊልም አንጻር የፊልሙ ጉልበት ከዚሁ ሰንሰለት ይመነጫል። በተለመደው የወንጀል ፊልም አንዱ ይሸሻል፣ ሌላው ያሳድዳል። እዚህ ግን መሸሽም ማሳደድም አይቻልም፤ ሁለቱ ባላንጣዎች አብረው መብላት፣ አብረው መተኛት፣ አብረው ወንዝ መሻገር አለባቸው። አንዱ ቢሞት ሌላው ተጠያቂ ይሆናል። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለው የአማርኛ ተረት የሚገልጸውን ለፍርድ ያለ ክብር ፊልሙ በሁለት ሰዎች እግር ያሳያል። በአንጻሩ ያው ሥርዓት አቅም ያለውንና የሌለውን በእኩል ያስራል ወይ የሚለውን ጥያቄ ያስነሳል፤ ጉዞው ረጅም በሆነ ቁጥር ስንቅም ዘመድም የሌለው ሰው ይጎዳልና።

ድፍረት

«ድፍረት» በዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ተጽፎና ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ፊልም ሲሆን፣ በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ተቀርጿል። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1996 የደረሰ እውነተኛ ድርጊት ነው። ለጋብቻ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን ተኩሳ ገድላ በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር መሥራች መዓዛ አሸናፊ ጉዳዩን ይዛ ተከራከረች፤ ልጅቷም ራሷን ስትከላከል ያደረገችው ነው ተብሎ በነጻ ተለቀቀች። መዓዛ እ.ኤ.አ. በ2018 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆና ተሹማለች። በፊልሙ የጠበቃዋን ሚና ሜሮን ጌትነት፣ የልጅቷን ደግሞ ትዕግሥት በሚያሰኝ እርጋታ ትዝታ ሐገሬ ተጫውተውታል።

ርዕሱ ሁለት ፍቺ አለው። «ድፍረት» ጀግንነትም ነው፤ ሴትን መድፈርም ነው። በፊልሙም ሁለት ሕጎች ፊት ለፊት ይጋጠማሉ፤ የአገር ሽማግሌዎች በዛፍ ጥላ ሥር፣ መርማሪዎችና ዐቃቤ ሕግ ደግሞ በከተማ ቢሮ ስለ አንዲት ልጅ ዕጣ ይወስናሉ። እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ተጠላፊዋን ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበት መንገድ ነበረው። ይህ እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው የወንጀል ሕግ ቀርቷል።

ፊልሙ በሰንዳንስና በበርሊን ፌስቲቫሎች የተመልካች ሽልማት አግኝቷል። አሜሪካዊቷ ተዋናይት አንጀሊና ጆሊ በዋና አቅራቢነት ስሟ መስፈሩም እውቅናውን አስፍቶታል። በአዲስ አበባ የምርቃት ምሽቱ ግን በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ በፍርድ ቤት እግድ ተቋርጦ፣ ፊልሙ ለሕዝብ የታየው ከዚያ በኋላ ነው። ክርክሩ የታሪኩ ባለቤት ከሆነችው ሴት መብት ጋር የተያያዘ ነበር። ክስተቱ በእውነተኛ ወንጀል ላይ ፊልም ለሚሠራ ሁሉ የሚነሳውን ጥያቄ አጉልቶታል፦ በደል የደረሰበት ሰው ታሪክ የማን ነው?

የከተማ ወንጀል

የአዲስ አበባን ጓዳ ከሚያሳዩ ፊልሞች መካከል በእንግሊዝኛ ርዕሱ «ፕራይስ ኦፍ ላቭ» (የፍቅር ዋጋ) ተብሎ የሚታወቀው የሄርሞን ኃይላይ ሥራ ይጠቀሳል (እ.ኤ.አ. 2015)። አንድ ወጣት የታክሲ ሾፌር በአንዲት ሴተኛ አዳሪና በቀድሞ ወዳጇ ጠብ መካከል ገብቶ ታክሲው ይሰረቅበታል። መኪናውን ሲፈልግ ሴቶችን ወደ ዓረብ አገር ከሚልኩ ደላሎች ዓለም ጋር ይገናኛል። እስክንድር ታምሩና ፍሬወይኒ ገብረገርግስ በመሪ ተዋናይነት ተሳትፈዋል። ፊልሙ በቶሮንቶ ፌስቲቫል ታይቷል። ሽጉጥና የመኪና ማሳደድ ሳይበዛበት ጭንቀቱን የሚፈጥረው ከኑሮ ነው፤ ለሾፌሩ የታክሲው መጥፋት የእንጀራው መጥፋት ነውና።

እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው «ራኒንግ አጌንስት ዘ ዊንድ» ከገጠር የመጡ ሁለት አብሮ አደጎችን ይከተላል። አንዱ ሯጭ ሲሆን ሌላው በአዲስ አበባ ጎዳና ከወሮበሎች ጋር ይወድቃል። በቴሌቪዥን ደግሞ በሰለሞን ዓለሙ ፈለቀ የተጻፈው «ሰው ለሰው» ተከታታይ ድራማ ሴራንና ወንጀልን ወደ ሳምንታዊ የቤተሰብ ወግ አምጥቷል። አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ የተባለ ገጸ ባሕርይ በክፋቱ ስሙ በአገሩ ሁሉ ይነሳ ነበር።

ከተለመደው የወጡ ሥራዎች

ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ በኢትዮጵያ የሠራቸው ፊልሞች ዘውጎችን በማደባለቅ ይታወቃሉ። «ክራምስ» (እ.ኤ.አ. 2015) ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ነው። «ጂሰስ ሾውስ ዩ ዘ ዌይ ቱ ዘ ሃይዌይ» (እ.ኤ.አ. 2019) ደግሞ በስለላ ፊልሞች ላይ ያሾፋል። በሁለቱም ላይ ዳንኤል ታደሰ መሪ ተዋናይ ነው። አስተያየቶች የተለያዩ ናቸው፤ አንዳንዱ ድፍረቱንና ቀልዱን ሲወድ፣ ሌላው ታሪኩን ለመከተል ይቸገራል።

አቀባበልና ትችት

ስለ ዘውጉ በተደጋጋሚ የሚነሱ ነጥቦች የሚከተሉት ናቸው፦

ድምፅና ምስል፦ በልብ አንጠልጣይ ፊልም ጸጥታውም ኮቴውም ትርጉም አለው። በአነስተኛ በጀት በተሠሩ ፊልሞች የድምፅ ቀረጻ ሲደክም ውጥረቱ ይላላል። በፍቅር ፊልም ላይ የሚታለፍ ጉድለት እዚህ ይጎላል።

ገበያ፦ አስቂኝ የፍቅር ፊልም ገንዘቡን ይመልሳል ተብሎ ስለሚታመን ደፋር የወንጀል ታሪክ ገንዘብ አውጪ ለማግኘት ይከብደዋል።

ማስተማር ወይስ ማሳየት፦ «ድፍረት»ን አንዳንድ የውጭ ሐያሲያን በጉዳዩ ክብደት ቢያደንቁትም አተራረኩ ቀጥተኛና ለማስተማር ያዘነበለ ነው ብለዋል። በሌላ በኩል ጠለፋ ሕግ ከለከለው ተብሎ በአንድ ጊዜ የማይጠፋ ልማድ በመሆኑ፣ ግልጽ መሆኑ ጥቅሙ ነው የሚል አመለካከት አለ።

መጨረሻ፦ በዕርቅ የሚዘጋ ታሪክ ከፖሊስ ድል ይልቅ ለኢትዮጵያ ተመልካች ይቀርባል። ነገር ግን ዕርቁ የተበዳይን ድምፅ ከዋጠ ፍትሕ ሳይሆን ዝምታ ይሆናል። ከላይ የተጠቀሱት ሦስቱ ፊልሞች የሚለያዩትም በዚህ ነጥብ ላይ በሚይዙት አቋም ነው።

ከሌሎች አገሮች ጋር ሲነጻጸር

የወንጀል ታሪክ ገንዘብ ለሌላቸው አዘጋጆች መግቢያ በር መሆኑ የተለመደ ነው። ሮበርት ሮድሪጌዝ «ኤል ማሪያቺ»ን (እ.ኤ.አ. 1992) በ7,000 ዶላር ገደማ እንደሠራው ይታወቃል። ክሪስቶፈር ኖላንም የጀመረው በአነስተኛ ገንዘብ በሠራው «ፎሎዊንግ» (እ.ኤ.አ. 1998) ነው። በአፍሪካ የደቡብ አፍሪካው «ጾትሲ» (እ.ኤ.አ. 2005)፣ የኮንጎው «ቪቫ ሪቫ!» (እ.ኤ.አ. 2010) እና የኬንያው «ናይሮቢ ሃፍ ላይፍ» (እ.ኤ.አ. 2012) የከተማ ወንበዴን ማዕከል አድርገዋል። የኢትዮጵያዎቹ «ጉማ»፣ «ድፍረት» እና «ቁራኛዬ» ግን ከከተማ ይልቅ ገጠርን፣ ከወንበዴው ይልቅ ዳኛውን ይመለከታሉ። አውጫጭኝን፣ ቁራኛንና ደም ማድረቅን ያወቀ አገር ለዘውጉ የሚያበረክተው የራሱ ታሪክም ይህ ነው።