በጾሬና በአካባቢው የወጣቶች የጽዳትና የብክለት መከላከል ተሳትፎ፦ መብቶች፣ ግዴታዎችና የአቤቱታ አቀራረብ

ይህ ጽሑፍ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በአሶሳ ዞን፣ በጾሬና በአካባቢዋ የሚኖሩ ወጣቶች ስለ ቆሻሻ አያያዝና ስለ አካባቢ ብክለት ግንዛቤ ለመፍጠር ሲንቀሳቀሱ ሊያውቋቸው የሚገቡ የሕግ ድንጋጌዎችንና የአሠራር ቅደም ተከተሎችን ለማሳወቅ የተዘጋጀ ነው። በሌሎች አካባቢዎች ለሚኖሩ ዜጎችም ያገለግላል።

1. የጉዳዩ አሳሳቢነት

ጾሬ ነባር ነዋሪዎችና ስደተኞች ጎን ለጎን የሚኖሩባት አካባቢ ናት። የጾሬ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ በ2007 ዓ.ም. ተከፍቶ ከሱዳንና ከሌሎች ጎረቤት አገሮች የመጡ ቤተሰቦችን ሲያስተናግድ ቆይቷል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተቀሰቀሰ በኋላም በኩርሙክ በኩል በርካታ አዳዲስ ስደተኞች ወደ አሶሳ ዞን ገብተዋል። የነዋሪው ቁጥር ሲጨምር በየገበያውና በየመንደሩ የሚጣለው ፌስታል፣ የሃይላንድ ፕላስቲክ፣ የብስኩት ወረቀትና ያረጀ የባትሪ ድንጋይም በዚያው ልክ ይጨምራል።

በአካባቢው የክረምቱ ዝናብ ከባድ ነው። በበጋ በየሜዳው የተጣለው ቆሻሻ በመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ታጥቦ ወደ ቦዮችና ወደ ወንዞች ይገባል። ቦይ በፌስታል ሲደፈን ውሃው ያቁራል፤ ያቆረ ውሃም የወባ ትንኝ መራቢያ ይሆናል። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ የወባ በሽታ ከሚበረታባቸው ክልሎች አንዱ በመሆኑ የቦይ ጽዳት በቀጥታ ከቤተሰብ ጤና ጋር የተያያዘ ነው። የተበከለ የወንዝ ወይም የምንጭ ውሃ ለተቅማጥ በሽታዎች ያጋልጣል። ሜዳ ላይ የተጣለ ፌስታል የበሉ ፍየሎችና ከብቶችም ይታመማሉ፤ ይሞታሉ።

ቆሻሻ ተሰብስቦ የሚከማችበት ቦታ በአግባቡ ካልተመረጠና ክትትል ካልተደረገበት አደጋው ምን ያህል የከፋ ሊሆን እንደሚችል መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቆሼ የደረሰው የቆሻሻ ክምር መደርመስ አሳይቷል። በዚያ አደጋ ከ100 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል።

2. የሕግ መሠረት

ወጣቶች ለሚያካሂዱት የግንዛቤ ሥራ መሠረት የሚሆኑት ዋና ዋና ድንጋጌዎች የሚከተሉት ናቸው።

• የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። አንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢን የመንከባከብ ግዴታን በመንግሥትም በዜጎችም ላይ ይጥላል።

• የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ብክለት ያደረሰ ወይም ሊያደርስ በሚችል አካል ላይ ማንኛውም ሰው አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። አመልካቹ ጉዳቱ በራሱ ላይ መድረሱን እንዲያስረዳ አይጠየቅም።

• የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 እያንዳንዱ ቤተሰብ መልሶ ጥቅም ላይ ሊውል የሚችለውን ቆሻሻ ከሚወገደው እንዲለይ ግዴታ ጥሎ ነበር። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ያጸደቀው አዲሱ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ ከዚህ አልፎ የፕላስቲክ ከረጢት (ፌስታል) ማምረትን፣ ማስገባትን፣ መሸጥንና መጠቀምን ይከለክላል። ፌስታል ይዞ የተገኘ ወይም የተጠቀመ ግለሰብ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል፤ በአምራቾችና በአስመጪዎች ላይ የተጣለው ቅጣት ከዚህ በእጅጉ የከበደ ነው።

3. የግንዛቤ ሥራው ይዘት

በዘመቻ ቀን አንድን ገበያ መጥረግ መልካም ጅምር ነው። ሆኖም የተጠረገው ቆሻሻ የሚሰበሰብበት ቦታና የሚያነሣው አካል አስቀድሞ ካልታወቀ ቦታው በቀናት ውስጥ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ስለዚህ የወጣቶች ሥራ ጽዳትን፣ ትምህርትንና ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ጥያቄ ማቅረብን አንድ ላይ የያዘ ሊሆን ይገባል።

ሀ. መልእክት በሚገባ ቋንቋ ማስተላለፍ። በአካባቢው ቤርታኛ፣ ዐረብኛና አማርኛ ይነገራሉ። በአንድ ቋንቋ ብቻ የተዘጋጀ መልእክት ከነዋሪው ከፊሉን ብቻ ይደርሳል። የሃይማኖት አባቶች፣ የአገር ሽማግሌዎችና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ከወጣቶቹ ጋር አብረው ሲያስተምሩ ቤተሰቦች በቀላሉ ይቀበላሉ።

ለ. ቆሻሻን በየዓይነቱ መለየት። በማንጎ ወቅት ከየቤቱና ከየገበያው የሚወጣው ልጣጭና ፍሬ፣ እንዲሁም የምግብ ትራፊና ቅጠል በጉድጓድ ተዘጋጅቶ ኮምፖስት ይሆናል። ሃይላንድ፣ ቆርቆሮና ብረት ለቁራሌዎች ሊሸጥ ይችላል። ፌስታልን በዘንቢል ወይም በጨርቅ ከረጢት መተካት ይቻላል፤ ቀርከሃ በብዛት በሚገኝበት በአሶሳ ዞን ከቀርከሃ የሚሠራ ቅርጫት ለወጣቶች የገቢ ምንጭም ይሆናል።

ሐ. ፕላስቲክን አለማቃጠል። ፕላስቲክ ሜዳ ላይ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ መርዛማ ንጥረ ነገሮችን ይይዛል፤ በተለይም ሕፃናትንና የመተንፈሻ አካላት ሕመም ያለባቸውን ይጎዳል።

መ. ለክቶ መመዝገብ። ስፊር የተሰኘው የሰብዓዊ ድጋፍ መመዘኛ በመጠለያ ጣቢያ የጋራ የቆሻሻ ጉድጓድ ከመኖሪያ ቤቶች ከ100 ሜትር በላይ መራቅ እንደሌለበት ያመለክታል። ወጣቶች ርቀቱን በየሰፈሩ በመለካት፣ የሞሉ ጉድጓዶችንና የተደፈኑ ቦዮችን በመመዝገብ ለአስተዳደሩ ተጨባጭ መረጃ ማቅረብ ይችላሉ።

4. ክበብ ወይም ማኅበር ስለ ማቋቋም

በትምህርት ቤት የሚቋቋም የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የተለየ ምዝገባ አያስፈልገውም፤ የርእሰ መምህሩ ፈቃድና አስተባባሪ መምህር በቂ ናቸው። ከትምህርት ቤት ውጭ የሚሰባሰቡ ወጣቶች በቅድሚያ ለቀበሌው አስተዳደር የሥራ ዕቅዳቸውን ማሳወቅ አለባቸው። ቆሻሻ በመሰብሰብ ገቢ ለማግኘት የሚፈልጉ ደግሞ በኢንተርፕራይዝ ለመደራጀት ለወረዳቸው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይችላሉ።

ስደተኛ ወጣቶችም ከዚህ ሥራ ውጭ አይደሉም። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኞች ለትርፍ ባልተቋቋሙ ማኅበራት የመደራጀት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በመጠለያ ጣቢያው የሚካሄድ ዘመቻ በጣቢያው ለሚገኘው የስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት ጽሕፈት ቤትና ለስደተኞች ማዕከላዊ ኮሚቴ ቀርቦ ቢፈቀድ ሥራው የተቀናጀ ይሆናል። ወንዙና ገበያው የጋራ በመሆናቸው የነባሩ ማኅበረሰብና የስደተኛው ወጣቶች በአንድነት ቢያቅዱ ይመረጣል።

5. የአቤቱታ አቀራረብ

ብክለት ተፈጽሞ በትምህርትና በምክር ሊቆም ካልቻለ የሚከተለው ቅደም ተከተል ተግባራዊ ይሆናል።

1ኛ. ቦታው፣ ቀኑ፣ የብክለቱ ዓይነትና ያደረሰው አካል በጽሑፍ ይመዘገባሉ፤ ከተቻለ ፎቶግራፍ ይያዛል።

2ኛ. ጉዳዩ በቅድሚያ ለቀበሌውና ለወረዳው አስተዳደር በጽሑፍ ይቀርባል።

3ኛ. መፍትሔ ካልተገኘ አቤቱታው ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ወይም ለፌዴራል የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ይቀርባል። አመልካቹ አቤቱታው ገቢ የሆነበትን ቀንና ቁጥር የያዘ ቅጂ መውሰድ አለበት፤ የጊዜ ገደቡን ለማስላት ይጠቅመዋልና።

4ኛ. መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ፣ ወይም አመልካቹ በውሳኔው ካልተስማማ፣ ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም የ30 ቀኑ ገደብ ካለፈበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀናት ውስጥ ለፍርድ ቤት ክስ ማቅረብ ይቻላል።

ዕድሜያቸው 18 ዓመት ያልሞላ አመልካቾች በወላጅ ወይም በአሳዳጊ በኩል ቢያቀርቡ ይመረጣል።

6. የደኅንነት ጥንቃቄ

በጽዳት ዘመቻ ጓንትና የተሸፈነ ጫማ መጠቀም ያስፈልጋል። መርፌ፣ የመድኃኒት ጠርሙስና ሌላ የጤና ተቋም ቆሻሻ በወጣቶች መነካት የለበትም፤ ለጤና ጣቢያው ይነገራል። በባህላዊ የወርቅ ማውጫ ቦታዎች የሚገኝ ሜርኩሪ ወይም ምንነቱ ያልታወቀ ኬሚካል ሲያጋጥምም ሳይነኩ ለአስተዳደሩ ማሳወቅ ይገባል። ሕፃናት በጎርፍ መውረጃዎች ውስጥ ገብተው እንዲሠሩ መደረግ የለበትም።

7. ከሌሎች አካባቢዎች የተገኘ ልምድ

በኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. «ብክለት ይብቃ፣ ውበት ይንቃ» በሚል መሪ ቃል አገር አቀፍ ንቅናቄ ተካሂዷል። ከአፍሪካ ሩዋንዳ የፕላስቲክ ከረጢትን እ.ኤ.አ. በ2008፣ ኬንያ ደግሞ በ2017 አግደዋል።

ለወጣቶች ይበልጥ አስተማሪ የሚሆነው የኢንዶኔዥያዋ የባሊ ደሴት ታሪክ ነው። ሜላቲ እና ኢዛቤል ዊይሰን የተባሉ እኅትማማቾች እ.ኤ.አ. በ2013፣ የ12 እና የ10 ዓመት ልጆች ሳሉ፣ ፌስታልን የሚቃወም ንቅናቄ ጀመሩ። የባሕር ዳርቻ ከማጽዳት ጎን ለጎን ፊርማ አሰባስበው ጥያቄያቸውን ለደሴቲቱ አስተዳዳሪ በተደጋጋሚ አቀረቡ። ከዓመታት በኋላ፣ በ2019፣ እገዳው ተግባራዊ ሆነ።

በጾሬና በአካባቢዋ የሚገኙ ክበባትም የዓለም የአካባቢ ቀን በሚከበርበት በግንቦት 28 አካባቢ፣ ዝናቡ ከመበርታቱ በፊት፣ ቦዮችን ቢያጸዱና የመዘገቧቸውን ችግሮች በጽሑፍ ለአስተዳደሩ ቢያስገቡ ክረምቱ ከመግባቱ አስቀድሞ ምላሽ የማግኘት ዕድላቸው ሰፊ ይሆናል። ተጨማሪ ማብራሪያ የሚፈልጉ ዜጎች በየቀበሌያቸውና በየወረዳቸው የአካባቢ ጥበቃ ሥራን የሚመራውን ጽሕፈት ቤት ማነጋገር ይችላሉ።