የደጅ ሲኒ

ከወራት በፊት፣ ወልቂጤ ቤቴ ተቀምጬ፣ የቶኒ ሞሪሰንን የመጀመሪያ ልቦለድ ሳነብ አደርኩ። እ.ኤ.አ. በ1970 የታተመው ይህ መጽሐፍ ፒኮላ ስለተባለች ጥቁር ልጅ ይተርካል። ልጅቱ ሰማያዊ ዓይን ትመኛለች፤ ምኞቷም በእብደት ይደመደማል። ደራሲዋ የምታሳየን የነጮቹን ንቀት ብቻ አይደለም፤ ንቀቱ በተናቀው ልብ ውስጥ ገብቶ ሰውን ከራሱ ጋር እንዴት እንደሚያጣላ ጭምር ነው።

መጽሐፉን ስከድን «እኛስ ከዚህ ተርፈናል» አልኩ። ወዲያው ግን የአያቴ ቤት ትዝ አለኝ።

ልጅ ሳለሁ፣ ገጠር፣ የአያቴን ቤት ምሰሶ ሊያድስ አንድ እንጨት ጠራቢ መጣ። ሥራውን ሲጨርስ ቡና ቀረበለት፤ ግን ደጅ ነው። ሲኒውም ከሌሎቹ ጋር አልታጠበም። ለምን እንደሆነ ብጠይቅ አያቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ፉጋ ነው፤ ዝም በል» አሉኝ። የሰውየው መልክ የእኛው፣ ቋንቋውም የእኛው ነበር።

ይህን ጉዳይ በጽሑፍ ካሰፈሩት አንዱ፣ ነገሩ ይገርማል፣ ራሱ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። የቺካጎው ተወላጅ፣ የሥነ ሰብ ምሁሩ ዊልያም ሻክ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጉራጌ መጥቶ አጠና፤ መጽሐፉንም በ1966 አሳተመ። በገዛ አገሩ በቀለም መድልዎ ዘመን ያደገው ይህ ሰው፣ እዚህ ቀለም የሌለው መድልዎ አገኘ። ጠራቢዎቹ መሬት አልነበራቸውም፤ ከሌላው ጋር አይጋቡም፤ የአፈሩን በረከት ያጠፋሉ ተብለውም ይፈሩ ነበር። ሆኖም ያለ እነርሱ እጅ ቤቱ አይቆምም፤ የልጃገረዶቹም ሥርዓት አይፈጸምም።

በየካቲት 1967 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ለማረስ ለሚፈልግ ሁሉ መሬት ፈቀደ። መሬት በአዋጅ ይሰጣል፤ ሲኒ ግን በአዋጅ አብሮ አይታጠብም። ለዚህ ሌላ ነገር ያስፈልጋል፤ ከነዚህም አንዱ ልቦለድ ይመስለኛል። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም የጉራጌን መንደር በቸሃ ቋንቋ ጽፎ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 በትርጉም ለዓለም አድርሷል። መንገዱ ተጠርጓል ማለት ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ እኔ የምመኘው ያንን ቡና ከጠራቢው ወገን ሆኖ የሚተርክልን መጽሐፍ ነው። ለፒኮላ ያለቀስን ሰዎች፣ ቤታችንን ላቆመው ሰው ስም እንኳ አልጠየቅንም። እኔም አልጠየቅሁም።