ማዘጋጃ ቤቱና አርሶ አደሩ

ለረጅም ዓመታት በገበያ ቀን ማለዳ ወደ ወረዳ ከተማ የሚገባ አርሶ አደር በመጀመሪያ የሚያገኘው የመንግሥት ሰው ዳኛ ወይም አስተዳዳሪ ሳይሆን የደረሰኝ ጥራዝ የያዘ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ነበር። አርሶ አደሩ ለከብቱ ኮቴ፣ ለሸቀጡም የገበያ ቀረጥ ይከፍልና ቁራጭ ደረሰኙን በኪሱ ከትቶ ወደ ገበያው ያልፋል።

የአንድ ከተማ ታሪክ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ስለ መንገዱ፣ ስለ ቦኖ ውኃው፣ ስለ ቄራውና ስለ መብራቱ ነው። ይሁን እንጂ የእነዚህ አገልግሎቶች ወጪ ከተሸፈነባቸው ምንጮች አንዱ ከገበያ የሚሰበሰበው ገቢ በመሆኑ፣ የከተማው ታሪክ የአርሶ አደሩም ታሪክ ነው።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የአገር አስተዳደር ድንጋጌ ወጣ። ማዘጋጃ ቤቶች ራሱን የቻለ ሕግ ያገኙት ግን በ1937 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 74 ነው። በዚህ ሥርዓት አዲስ አበባና ጎንደር በከንቲባ፣ ሌሎቹ ከተሞች በከተማ ሹም የሚመሩ ሲሆን፣ መንገድ ማውጣት፣ ጽዳት መጠበቅ፣ ውኃ ማቅረብና ንብረት መመዝገብ የማዘጋጃ ቤቱ ሥራ ሆነ። ሕዝብን ወክለው በከተማው ምክር ቤት የሚቀመጡት ግን በከተማው ውስጥ ቋሚ ንብረት ያላቸው ነዋሪዎች ነበሩ። እህሉን በአህያ ጭኖ፣ ሌሊት ተጉዞ ገበያውን የሚያሟላው አርሶ አደር ከፋይ እንጂ መካሪ አልነበረም።

በ1958 ዓ.ም. የወጣው ትእዛዝ ቁጥር 43 የአውራጃ ሕዝብ በመረጠው ምክር ቤት የአካባቢውን ጉዳይ እንዲወስን የታሰበበት ነበር። ይሁን እንጂ የገንዘብ ምንጩ በፓርላማ ባለመጽደቁ ሐሳቡ ፍሬ ሳያፈራ ቀረ።

በ1967 ዓ.ም. ሁኔታው ተለወጠ። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት እንዲሆኑ ታወጀ። በገጠር የገበሬ ማኅበር፣ በከተማ ቀበሌ ተደራጀ። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑ ቤቶችን ኪራይ የሚሰበስበው ቀበሌው ሆነ። አርሶ አደሩ መሬት ቢያገኝም የገበያ ነፃነቱ ግን ብዙ አልቆየም። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ወይም በተለምዶ አጠራሩ እሰገድ ከተቋቋመ በኋላ፣ አርሶ አደሩ ከምርቱ የተመደበበትን ኮታ መንግሥት በቆረጠው ዋጋ እንዲያስገባ ይገደድ ነበር። ይህ አሠራር የቀረው በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ ነው።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147 በ1991 ዓ.ም. ወጣ። በዚያው ዘመን ክልሎችም ለከተሞቻቸው ማቋቋሚያ ሕግ ማውጣት ጀመሩ። በማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ አንድ አባል አንድ ድምፅ አለው። አርሶ አደሩ ያዋጣው ገንዘብ ወዴት እንደሄደ የመጠየቅ፣ የሒሳብ ምርመራ ሪፖርት የመስማትና አመራር የመምረጥ መብት አገኘ። ቀድሞ በከተማው ምክር ቤት ያጣውን ቦታ በራሱ ማኅበር አገኘው ማለት ይቻላል።

ይህን ጉዞ የሚመሰክሩት ሰነዶች ግን በጥንቃቄ ካልተያዙ በቀላሉ ይጠፋሉ። የቀድሞ ማዘጋጃ ቤት ሲፈርስ ወይም ቢሮ ሲቀየር የቦታ ፕላኖች፣ ቃለ ጉባኤዎችና የገቢ መዝገቦች ለምስጥና ለአይጥ ይዳረጋሉ፤ አንዳንዴም እንደ ቆሻሻ ይቃጠላሉ። ስለ ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት የተደነገገው አዋጅ ቁጥር 179 የወጣውም በዚያው በ1991 ዓ.ም. ነው። ሆኖም አዋጅ ብቻውን መዝገብ አያድንም፤ ቁልፍ የያዘው ሠራተኛና ኃላፊነት የሚሰማው አስተዳደር ያስፈልጋሉ።

ስለሆነም የከተማ አስተዳደሮች አሮጌ መዝገቦችን ከማስወገዳቸው በፊት ሊያስመረምሩ፣ ማኅበራትና ዩኒየኖችም የምሥረታ ቃለ ጉባኤያቸውን፣ የአባላት መዝገባቸውንና የመጀመሪያ ሚዛናቸውን ሳይቀር ሊጠብቁ ይገባል። ገበያውን የሚያስታውሱ አረጋውያንም በሕይወት ሳሉ ሊጠየቁ ይገባል። በአሮጌ ሣጥን ውስጥ የተገኘች አንዲት የኮቴ ደረሰኝ ተራ ወረቀት አይደለችም። አርሶ አደሩ ከተማውን በማቆም ረገድ ድርሻ እንደነበረው የምትመሰክር ሰነድ ናት።